ወንድ ልጅና ጭፈራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጋበዘኝ ጊዜ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦቼ ስለ ግንባታ ዕቃዎች ጥራትና ስለ ጨረታ አሠራር ብዙ ጠቃሚ ነገር አሰምተውናል። እኔ ግን ስለ ጭፈራ፣ ይልቁንም ስለሚጨፍር ወንድ ለመናገር ተነሥቻለሁ። ርእሱ በተነበበ ጊዜ ከአዳራሹ መካከል ሣቅ መሰማቱን አልሸሽግም። አልተቀየምኩም። ያ ሣቅ ራሱ የንግግሬ ጉዳይ ነውና፣ ምን እንዳሳቀን አብረን ብንመረምረው ስለ ራሳችን አንድ ነገር የምናውቅ ይመስለኛል።

ነገሩን ከሰፈሬ ልጀምር። ተወልጄ ያደግሁት በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ጥቅምት 27 ቀን የመድኃኔዓለም በዓል ሲከበር የካቴድራሉ ቅጥር ግቢ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ መቋሚያው ይነሣል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ዜማው እየደመቀ በሄደ ቁጥር አካላቸውም አብሮ ይነቃቃል። ጢማቸው የሸበተ አባቶች ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ ወደፊትና ወደኋላ ሲራመዱ፣ በመጨረሻም እያጨበጨቡ ሲያሸበሽቡ ማየት ልብን ይመስጣል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ከተሰበሰበው ምእመን መካከል ወንድነታቸውን የሚጠራጠር አንድ እንኳ የለም።

በዚያው ዕለት ማታ፣ ከካቴድራሉ ብዙ ሳይርቅ፣ በቦሌ ከሚገኙት የባህል ምግብ ቤቶች በአንዱ አንድ ወጣት ጥብቆና ቁምጣ ለብሶ መድረክ ላይ እስክስታ ይወርዳል። ትከሻውና ደረቱ ከከበሮው ጋር አንድ ሆነዋል። ተመጋቢው ያጨበጭባል፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ሽልማቱን ሰጥቶ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ግን ለጓደኛው በጆሮው የሚነግረው ሌላ ነው፤ "ወንድ ልጅ እንዲህ ሲቅለሰለስ አያስጠላም?" ይለዋል። ጠዋት በጸሎት የቆመውና ማታ ይህንን ያለው ሰው አንድ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በጠዋቱና በማታው መካከል ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንቱን እንቅስቃሴ ጭፈራ እንደማትለው፣ ወረብና ሽብሸባ እንደምትለው አውቃለሁ፤ ልዩነቱንም አከብራለሁ። የማነጻጽረው ሁለቱን ተግባራት ሳይሆን የእኛን የተመልካቾችን ዐይን ነው። የአቋቋም ተማሪ ቁሙን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱንና ጽፋቱን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ጎንደር በአታ ወይም ደብረ ታቦር ወርዶ ከመምህር እግር ሥር ይማራል። ሰው አካሉን በሥርዓትና በልክ ለማንቀሳቀስ ዓመታት ቢማር ክብር እንጂ ውርደት እንደማይሆንበት በዚህ እናውቃለን።

"ወንድ ልጅ መጨፈር ነውሩ ነው" የሚለውም ቢሆን በአገራችን ልማድ ያልተደገፈ አባባል ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ እስክስታ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተፋጠው የሚወርዱት ነው፤ ትከሻው የማይታዘዝለት ጎረምሳ በሠርግ ቤት ያፍራል እንጂ የሚታዘዝለት አያፍርም። በሸዋ ኦሮሞ ረገዳ፣ በጉራጌ የእግር ጨዋታ፣ በሐመር የኢቫንጋዲ ምሽት ወንዱ ጉልበቱንና ቅልጥፍናውን የሚያሳየው በጭፈራ ነው። ፉከራውና ሽለላውስ ቢሆን ምንድን ነው? እየተንጎራደዱ፣ አንገትን እየሰበቁ፣ ጦርን እየነቀነቁ በከበሮና በመሰንቆ ፊት መታየት ነው። የጀግንነት ምስክር አድርገን የያዝነው ነገር ራሱ በአካል የሚነገር ነው።

ቋንቋችንም ይህንን ያስታውሳል። "ዘፈነ" የሚለው የግዕዝ ቃል ትርጉሙ በእግርና በአካል መጨፈር ነበር፤ ወደ ድምፅ ያጋደለው በአማርኛ ነው። ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘፍን የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልብዋ እንደናቀችው በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ተጽፏል። ሜልኮል የነቀፈችው ጭፈራውን ብቻ አልነበረም፤ ንጉሥ የሆነ ሰው በገረዶች ፊት እንደ ተራ ሰው መታየቱን ነበር። ዳዊት ግን ከዚህም የበለጠ ራሱን ዝቅ እንደሚያደርግ መለሰላት። ጎልያድን የጣለውን ሰው ወንድ አይደለም የሚል እስካሁን አልተነሣም።

የዘፈን ዳር ዳርታው እስክስታ ነው እንዲሉ፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

አባቴ የጎጃም ሰው ነው። የታላቅ እኅቴ ሠርግ ዕለት እስክስታ ሲወርድ ጋቢው ከትከሻው ወድቆ መሬት ሲነካ፣ እናቶች እልል ሲሉ፣ ሽማግሎች "ይበል! ይበል!" ሲሉ አስታውሳለሁ። በዚያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። እንደ ብዙ የዘመኑ ልጆች በፀረ ኤድስ ክበብ አማካይነት ወደ መድረክ ወጣ፤ በክበቡ ድራማና ውዝዋዜ ይሠሩ ነበርና። ወንድሜ የአባቴን ትከሻ ወርሷል። ይህንን ያየ ሁሉ መስክሯል። ነገር ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ "ሙያዬ ውዝዋዜ ነው" ባለ ጊዜ፣ ያ በሠርግ ጋቢው እስኪወድቅ የጨፈረ አባት ለአንድ ዓመት ያህል አላናገረውም። "ከቤቴ አዝማሪ አይወጣም" አለ። ጎረቤቱም የበኩሉን ጨመረ፤ "ሴታሴት ሆነ" ተባለ።

ከዚህ የምረዳው ይህንን ነው። እኛ የሚጨፍርን ወንድ አንንቅም። የምንንቀው በጭፈራ እንጀራውን የሚበላውን ወንድ ነው። ወንድ በእምነቱ፣ በአገሩ ወይም በልጁ ሠርግ ምክንያት ቢንቀሳቀስ ምክንያቱ ይሸፍነዋል። ምክንያቱ ሲወገድና ጥበቡ ብቻውን ሲቀር፣ ሰውየው ራቁቱን እንደቆመ ይመስለናል። "ወንድ አይደለም" የምንለውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ ዐይነቱ ንቀት ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ ሊሆን አይገባም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ሸክላ የሚሠራውና ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ በዚህች አገር ለብዙ ዘመን ስም ወጥቶለት ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሠራተኛነቱ መሳደብ ይቅር ሲሉ አዋጅ ያስነገሩት ነቀርሳው ምን ያህል እንደከፋ ስለተረዱ ነው። የብረት ሙያ ዛሬ ከፍ ብሎ "ኢንጂነር" በሚል ማዕረግ ይጠራል፤ እናቶችም ልጃቸው ይህንን ስም እንዲይዝ ይሳላሉ። በእጁ የሚሠራው ሰው ከስድብ ሲወጣ፣ በአካሉ የሚሠራው ሰው ግን በዚያው በስድቡ ውስጥ ቀረ።

አዝማሪው በቁም ነገር የተቆጠረበት ጊዜ ቢኖር ምናልባት ጠላት የቆጠረው ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያደኑ እንዲገድሉ ለወታደሮቹ ትእዛዝ እንደሰጠ የታሪክ ሰነዶች ያስረዳሉ። ወራሪው በገበያና በሠርግ የሚዘፍነው ሰው ሕዝብን ሊያነሣሣ እንደሚችል ገብቶት ነበር። እኛ የቀለለ ያልነውን ሰው እርሱ ሊገድለው የሚገባ አድርጎ ፈራው።

በመድረክ ታሪካችንም ያለው ነገር ያስገርማል። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረትና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ሴቶች ወደ መድረክ መውጣት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ የሴትን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ በኋላ ብዙ ስድብ ችለው ገቡ። አስቀድሞ ሴት በመድረክ ታየች ብለን ነቀፍን፤ ቀጥሎ ደግሞ መድረኩ የሴት ነው ብለን ወንዱን ነቀፍን። ሁለቱም ነቀፋዎች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። "ሴት መሰልክ" ማለት ስድብ ሊሆን የሚችለው ሴት መሆንን ዝቅ ካደረግነው ብቻ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት የሙያ እኅቶቻችን ይህንን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ከሥራ ቦታ "ይህ የወንድ ሥራ ነው" ተብለው ሲመለሱ የነበሩት እነርሱ ናቸውና።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ አሥራ አራተኛ ራሱ በቤተ መንግሥቱ እየጨፈረ ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1661 የንጉሣዊ የዳንስ አካዳሚ ያቋቋመውም እርሱ ነው። በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ ሙያተኛ ሴቶች መጨፈር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1681 ነው፤ ከዚያ በፊት የሴቱንም ድርሻ የሚወጡት ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ ባሌ የሴት ነው የሚለው አስተሳሰብ ባሌ ባደገበት አገር እንኳ በኋላ የመጣ ነው። በአሜሪካም ቴድ ሾን የተባለው ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1933 ወንዶች ብቻ የሚገኙበት ቡድን አቋቁሞ ከከተማ ወደ ከተማ የተዘዋወረው ይህንኑ ጥርጣሬ ለመስበር ነበር። አመለካከቱ በሰው እጅ የተሠራ ስለሆነ በሰው እጅ ሊፈርስ ይችላል ማለት ነው።

በአገራችንም ያፈረሱት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለው እንግሊዛዊ የዳንስ መምህር በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ልጆችን ሰብስቦ "ካርሚና ቡራና" የተባለውን ሥራ በመድረክ አሳየ። ከዚያ እንቅስቃሴ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተፈጠረ። ከአዱኛ ወጣቶች አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በታወቀው የሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አግኝቷል። መላኩ በላይም አለ። በካዛንችስ በፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለዓመታት በሽልማት ብር እየጨፈረ ኖሮ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረክቦ የባህል ማእከል አደረገው፤ እስክስታን በብዙ አገሮች መድረክ ላይ አሳየ፤ ከፈረንሳይ መንግሥትም የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ተቀበለ። በካዛንችስ የነበረው ቤት በ2017 ዓ.ም. ከአካባቢው መልሶ ማልማት ጋር ተነሥቷል፤ ሥራው ግን የሰውየው እንጂ የግድግዳው እንዳልነበረ ታይቷል።

እነዚህን ስሞች ስጠራ ለመከራከር ይቀለኛል። የሚከብደኝ የቀረውን መናገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቦሌ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ የአንድ የሥራ ባልደረባችን ሠርግ ነበር። የተቀመጥኩት አለቃዬ ከነበሩት አንድ አንጋፋ መሐንዲስ አጠገብ ነው። የባህል ቡድኑ ገባ። ፊት ለፊት ሆኖ የሚመራው ታናሽ ወንድሜ ነበር። እንደሚመጣ አላወቅሁም፤ እርሱም እንደማገኝ አላወቀም። እስክስታውን ሲጀምር አለቃዬ ፈገግ ብለው፣ "ይህ ደግሞ ወንድ ነው ይባላል! እናቱ ሴት ልጅ ሲያምራት ነው የወለደችው" አሉ። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ቆየት ብለው ልጁን ትኩር ብለው አዩና፣ "ኢንጂነር፣ ይህ ልጅ አንተን ይመስላል፤ ታውቀዋለህ እንዴ?" አሉኝ።

"አላውቀውም ጋሼ" አልኳቸው።

ያን ጊዜ ወንድሜ ጠረጴዛችን ድረስ ደርሶ ነበር። የከበሮው ድምፅ ንግግራችንን ሸፍኖት ይሆናል፤ ፊቴን ማዞሬን ግን አይቷል።

ሌሊት እቤት ስደርስ ጉልበቱን በሞቀ ውኃ በተነከረ ፎጣ ጠቅልሎ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት። ስለ ሠርጉ ነገር አላነሣም። እናቱን ስላነሣው ቀልድም፣ ስለ እኔም አንድ ቃል አልተናገረም። ያለኝ ይህንን ብቻ ነው፤ "ወንድምዓለም፣ ያ ወለል እኮ ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ነው። እናንተ ስትሠሩት የሚዘልበት ሰው እንደሚኖር አላሰባችሁም?"

የዚያ አዳራሽ ስሌት በእጄ አልፏል፤ ስለሆነም ጥያቄው ሁለት ጊዜ ወጋኝ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ ለመኖሪያ ቤት ወለል በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን የተለዋዋጭ ጭነት ሲጠይቅ፣ ለጭፈራ አዳራሽ 5 ኪሎ ኒውተን ይጠይቅ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በአንድነት የሚዘሉ ሰዎች በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ጊዜ ገደማ ወለሉን ስለሚመቱ ንዝረቱንም እናሰላለን። ደረጃው የሚጨፍረው ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቅም፤ በዚህ ከእኛ ይሻላል። እኔም ቁጥሩን በትክክል አስገብቼ ነበር። ወለሉ ከሚጨፍረው ሰው እንዲተርፍ አስቤ ነበር፤ የሚጨፍረው ሰው ከወለሉ እንዲተርፍ ግን አላሰብኩም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከኮንክሪቱ በላይ በእንጨት አግዳሚዎችና በላስቲክ ትራሶች ላይ የሚያርፍ፣ ሲረገጥ በጥቂቱ ተቀብሎ የሚመልስ የእንጨት ወለል ማድረግ ነው። ለመድረኩ ስፋት ብቻ ቢደረግ ከአዳራሹ የመብራት ጌጥ ዋጋ ጋር የሚወዳደር እንኳ አይሆንም። ነገር ግን ባለቤቱ አልጠየቀም፤ እኛም አላነሣንም፤ ምክንያቱም በሐሳባችን የሚጨፍር ሰው ሙያተኛ አልነበረም። የአዳራሾቻችንን ንድፍ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ለመኪና ማቆሚያ፣ ለሙሽሮች ማረፊያ፣ ለዕቃ ቤት ቦታ አለ። ተወዛዋዡ ልብሱን የሚቀይርበት ክፍል የት አለ? ብዙውን ጊዜ በወጥ ቤቱ ኮሪደር፣ በተደራረቡ ወንበሮች መካከል ነው የሚቀይረው። ንቀታችን በአፋችን ብቻ አልቀረም፤ በንድፋችንም ላይ ሰፍሯል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የአዳራሽና የሆቴል ንድፍ የሚሠሩ አባሎቻችን የመድረክ ወለልንና የተጫዋቾችን ማረፊያ ባለቤቱ ባይጠይቅም እንዲያቀርቡ። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ለበዓሉ የባህል ቡድን ሲጋብዝ እንደማንኛውም ሙያተኛ በውል እንዲዋዋልና ዋጋውን በውሉ እንዲከፍል፤ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር የደስታ መግለጫ ይሁን እንጂ የደመወዝ ምትክ አይሁን። ሦስተኛው ገንዘብም ውሳኔም አይጠይቅም። በጠረጴዛችን ዙሪያ አንድ ሰው ያንን ቀልድ ሲጀምር አለመሣቅ ነው። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን አቅቶኝ እንደነበር አሁን ነግሬያችኋለሁ።

አባቴ ዛሬ ወንድሜን ያናግረዋል። ስለ ሙያው ግን ሰው ሲጠይቀው እስካሁን "የመንግሥት ሥራ ይፈልጋል" ብሎ ነው የሚመልሰው። በአባቴ አልፈርድም፤ እርሱ ዝም ያለው በቤቱ ውስጥ ነው፤ እኔ የካድሁት በአደባባይ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ በመርሐ ግብሩ እንደተጻፈው ከእራት በኋላ የባህል ቡድን ይመጣል። ከፊት ሆኖ የሚመራውን ልጅ ስታዩ መልኩ ከእኔ ጋር መመሳሰሉን ምናልባት ታስተውሉ ይሆናል። ማንም ከመጠየቁ በፊት እኔው ልመልስ፤ አውቀዋለሁ፤ የእናቴ ልጅ ነው፤ ሙያውም ውዝዋዜ ነው።